ጠባቂው ያጠቃት እንደሆነ

ሴት ልጅ የተሻለ ደኅንነት የምታገኘው የት ነው? በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ወይስ በምዕራቡ? ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የምሰማው ክርክር መንገዱ አንድ ነው። አንዱ ካቡልን ይጠራል፤ ሌላው ሆሊውድን። አንዱ ከትምህርት ገበታ የተባረሩትን ልጃገረዶች ያነሣል፤ ሌላው በባልና በፍቅረኛ እጅ የሚሞቱትን አሜሪካውያት። ሁለቱም የሚያነሡት እውነት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የባላጋራውን ክፉ ከራሱ መልካም ጋር ያስተያያል፤ ሴቲቱም በመካከል የሙግት ማስረጃ ሆና ትቀራለች። በዚህ መንገድ መሄድ አልፈልግም። ከሥሩ ልጀምር። የምናወዳድረው ምንን ከምን ጋር ነው? ደኅንነት ስንልስ ምን ማለታችን ነው? (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የመጀመሪያው ችግር ከስሞቹ ይነሣል። አንዱ የሃይማኖት ስም ነው፤ ሌላው የአቅጣጫ። ቱኒዚያ በ1956 ባወጣችው የቤተሰብ ሕግ ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን ከለከለች። አፍጋኒስታን ከ2021 ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ለልጃገረዶች ዘጋች፤ በ2022 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲውንም ጨመረች። ሁለቱም ሙስሊም አገሮች ናቸው። ፓኪስታን በ1988 ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበራት። ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት የሰጠችው በ1971 ነው። ፈረንሳይ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ እንድትይዝና በስሟ የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት የፈቀደችው በ1965 ነው። እንግዲህ «ሙስሊሙ» ስል የትኛውን? «ምዕራቡ» ስልስ የመቼውን?

አንድ ሰው ይህ ሽሽት ነው ሊለኝ ይችላል። «በየወገኑ ልዩነት መኖሩን ማን ካደ? ልዩነት ስላለ ግን የጋራ ጠባይ የለም አይባልም። የሃይማኖት ሕግ ቤተሰብን የሚገዛበት አገርና የማይገዛበት አገር አንድ አይደሉም።» ተቃውሞው ትክክል ነው፤ እቀበለዋለሁ። ሆኖም መልሼ ልጠይቅ። በሙስሊም አገር በሴት ላይ የሚደርሰው በደል ሁሉ ከሃይማኖቱ የመጣ መሆኑን በምን እናውቃለን? አንድ አንቀጽ ይዤ ሥሩን ልከተል።

አንቀጹ ሴትን የደፈረ ወይም የጠለፈ ሰው ካገባት አይቀጣም የሚለው ነው። በሞሮኮ ሕግ ቁጥሩ 475 ነበር፤ በሊባኖስ 522፤ በዮርዳኖስ 308። በ2012 በሞሮኮ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለደፈራት ሰው ከተዳረች በኋላ የአይጥ መርዝ ጠጥታ ሞተች። አገሩ ጮኸ፤ በ2014 አንቀጹ ተሻረ። ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ በ2017 ተከተሉ። ይህን የሰማ ሰው ጣቱን ወዲያው ወደ ሸሪዓ ይቀስራል። የአንቀጹ የዘር ሐረግ ግን የሚወስደን ወደ ፓሪስ ነው፤ ናፖሊዮን በ1810 ወዳወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ። ከዚያ ወደ ኦቶማን ሕግ ተሻገረ፤ በቅኝ ገዢዎችም እጅ ወደ ሰሜን አፍሪካ ገባ። ፈረንሳይ ራሷ ያን ርዝራዥ ከሕጓ ያወጣችው በ1994 ነው።

በጣሊያን ቁጥሩ 544 ነበር። በ1965 መጨረሻ በሲሲሊ፣ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተጠለፈች። ከሳምንት በላይ ተይዛ ቆየች። ስትወጣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሠርግ ነበር። እርሷ አላገባውም አለች። አባቷ ከጎኗ ቆመ፤ የቤተሰቡ የወይን ተክል ተቃጠለ። ጠላፊው ተፈረደበት፤ አንቀጹ ግን እስከ 1981 ኖረ። እዚያው ጣሊያን አስገድዶ መድፈር እስከ 1996 ድረስ የሚመደበው በሰው ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር ሳይሆን በሕዝብ ሥነ ምግባር ላይ ከሚፈጸሙት ጋር ነበር።

ወደ እኛም መጥቷል። በ1957 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን አንቀጽ 558 ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። ያን ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የሚባል የስዊዘርላንድ ሊቅ ነው። ጠለፋን ግን ስዊሱ አላመጣብንም። ጠለፋና ከጠለፋ በኋላ ሽማግሌ መላክ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም መንደር ነበረ፤ የውጭው ሊቅ ያደረገው መንደሩ የሚያውቀውን በአንቀጽ ቁጥር መጻፍ ነው። አንቀጹ የወጣልን በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

እንግዲህ የካቶሊኳ ሲሲሊ፣ የሙስሊሟ ሞሮኮና የእኛ ገጠር በምን ተገናኙ? በእምነት አልተገናኙም። የተገናኙት ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ በመስጠታቸው ነው። ጥያቄው «ሴት ስትደፈር የተበደለው ማን ነው?» የሚል ነው። ሦስቱም ቤተሰቧ፣ ስሙ፣ ክብሩ አሉ። የተበደለው ቤተሰቡ ከሆነ ካሣው ለቤተሰቡ ይከፈላል፤ ከካሣዎች ሁሉ ደግሞ ጋብቻ ገበናን ይከድናል። ልጅቱ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የምትገባው እንደ ተበዳይ አይደለም፤ እንደ ተበላሸ ንብረት ነው። ይህ ሐሳብ ከሁለቱ ወገኖች ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል ብዬ አምናለሁ። ማነጻጸር ካለብኝም መጠየቅ ያለብኝ የትኛው ማኅበረሰብ ከዚህ ሐሳብ ምን ያህል ርቋል ብዬ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ደኅንነትን በቁጥር እንለካው የሚል ሰው አለ። በፖሊስ መዝገብ ስዊድን ከፍተኛ የአስገድዶ መድፈር ቁጥር ካላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የብዙ ሙስሊም አገሮች ቁጥር እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ነገሩ በዚህ ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ማየት እፈልጋለሁ። በስዊድን አንድ ባል ሚስቱን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ቢደፍር እያንዳንዱ ድርጊት ለብቻው ይመዘገባል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ የሴቲቱ ፈቃድ አለመኖር ብቻውን ወንጀል ነው፤ ጉልበት ወይም ዛቻ መኖሩ አይጠየቅም። አሁን ዱባይን ልመልከት። በ2013 አንዲት ኖርዌያዊት ተደፈርኩ ብላ ፖሊስ ዘንድ ሄደች። ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት በመፈጸምና በሌሎች ክሶች አሥራ ስድስት ወር ተፈረደባት። ዓለም ስለጮኸላት በምሕረት ተለቀቀች። ዓለም የማይጮኽላትስ? በፓኪስታንም ከ1979 ጀምሮ በነበረው የሁዱድ ድንጋጌ መደፈሯን ማስረዳት ያቃታት ሴት በዝሙት ልትከሰስ ትችል ነበር፤ ይህ የተሻሻለው በ2006 ነው። ከሳሽ ገብታ ተከሳሽ ሆና በምትወጣበት ጣቢያ የመዝገቡ ማነስ ስለ ወንዶቹ ጨዋነት ምንም አይነግረኝም።

«እንግዲያው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው ልትል ነው?» አልልም። ከፖሊስ መዝገብ የሚሻል አለ፤ ሴቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ተቋም በ2014 ባወጣው ጥናት በ28 አገሮች 42,000 ሴቶች ተጠየቁ። ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉት በዴንማርክ 52 ከመቶ፣ በፊንላንድ 47፣ በስዊድን 46 ነበሩ። በፖላንድ 19። በእኩልነት የሚታወቁት አገሮች ከላይ ተገኙ። የምዕራቡ ጠበቃ የሰሜን ሴቶች ለመናገር አይፈሩም፤ ጥቃትን ጥቃት ብለው ያውቁታል ይላል። ይህ መልስ የነገሩን ከፊል ያስረዳ ይሆናል። ነገር ግን መጠንቀቅ አለብኝ። ቁጥሩ ሲያንስ ዝምታ ነው፣ ሲበዛ ግልጽነት ነው የምል ከሆነ ሐሳቤን ሊያፈርስ የሚችል ማስረጃ በዓለም ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ደግሞ ገና አልተፈተነም። ስለዚህ መደበቅ ወደሚከብደው፣ ወደ ሞት ልሂድ። የተባበሩት መንግሥታት እንደገመተው በ2022 በዓለም ላይ ሆን ተብሎ የተገደሉት ሴቶችና ልጃገረዶች 89,000 ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህ 55 ከመቶ የሚሆኑት የተገደሉት በባል፣ በፍቅረኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ ነው።

ይህን ቁጥር አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ስለ ደኅንነት ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ ጎዳና ነው። በእኩለ ሌሊት በየትኛው ከተማ ሴት ብቻዋን ትሄዳለች? በጎዳና ጉዳይ ግን ሙስሊሙም ምዕራቡም አንድ መልስ የለውም። በዱባይ ትሄዳለች። በግብፅ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ጉዳይ ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 99.3 ከመቶ የሚሆኑት ለከፋ ደርሶብናል አሉ። አብዛኛው ገዳይ ግን በጎዳና የሚጠብቅ እንግዳ አይደለም። ቁልፍ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ የደኅንነት ጥያቄ መጠየቅ ያለበት በቤት ደጃፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሙስሊሙን ወገን ክርክር በሙሉ ኃይሉ ማቅረብ ይገባኛል፤ ደካማውን ተቃዋሚ መርጦ ማሸነፍ ራስን ማታለል ነው። አንዲት አዋቂ ሙስሊም እንዲህ ልትለኝ ትችላለች፦ «በእኛ ሕግ ሴት ብቻዋን አትጣልም። አባቷ፣ ወንድሟ፣ ባሏ ሊያኖሯት ግዴታ አለባቸው። መህሯ፣ ባል ለጋብቻው የሚሰጣት ጥሎሽ፣ የእርሷ ነው። ያገኘችው ሀብት የእርሷ ነው፤ ባል ሊነካው አይችልም። ይህ ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው። ያገባች እንግሊዛዊት በራሷ ንብረት ሙሉ ባለቤት የሆነችው መቼ ነው?» በ1882 ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ትቀጥላለች፦ «የእናንተ ነፃነት ሴቲቱን ከጠባቂዎቿ ሁሉ አላቅቆ ለብቻዋ የቤት ኪራይ እንድትከፍል፣ ልጅ እንድታሳድግ፣ ስትደበደብም ለብቻዋ ስልክ እንድትደውል ትቷታል።»

ይህ ከባድ ክርክር ነው። መልሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ጠባቂው ያጠቃት እንደሆነስ? ምግብ ሲያንቅ በውሃ ይወርዳል፤ ውሃ ሲያንቅ በምን ይውጡታል ይላል የአገራችን ሰው። ጥበቃን የምንፈትነው ጠባቂው ደግ በሆነበት ቤት አይደለም፤ በዚያ ቤት ሕግም አያስፈልግም። በሳዑዲ አረቢያ አንዲት አዋቂ ሴት ያለ ወሊይዋ (ሕጋዊ ጠባቂዋ) ፈቃድ ፓስፖርት ማውጣት የቻለችው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት የሚደበድባት ሰውና የመውጫዋን ወረቀት የሚፈርምላት ሰው አንድ ሊሆን ይችል ነበር። መኪና እንድትነዳ የተፈቀደላት በሰኔ 2018 ነው። ለዚህ መብት ሲታገሉ ከነበሩት ሴቶች የተወሰኑት ግን ፈቃዱ ሊጸና ሳምንታት ሲቀሩት ታሰሩ። በዚህ ብዙ አሰብኩ። መብቱ ከተሰጠ የጠየቁትን ማሰር ለምን አስፈለገ? የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ መብቱ ከላይ የወረደ ችሮታ ሆኖ እንዲታይ ነው፤ በጥያቄ የተገኘ እንዳይመስል። ችሮታ ደግሞ የሰጠው ሰው መልሶ ሊወስደው የሚችል ነገር ነው።

በጠባቂ የሚገኝ ደኅንነት ሌላም ጉድለት አለው። ለማን ነሽ ተብሎ የሚሰጥ ነው። ወገን የሌላት ሴት ከጥበቃው ውጭ ናት። ይህን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። በቤይሩት ከውጭ አገር የሄደች አንዲት የቤት ሠራተኛ የምትኖረው በካፋላ፣ በአሠሪ ዋስትና ሥርዓት፣ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም ላይ ተንጠልጥሏል፤ የአገሩ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ከማዳሟ ቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። በፌብሩዋሪ 2012 በዚያች ከተማ፣ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ፣ አንድ ሰው አንዲት ኢትዮጵያዊትን በጎዳና እየጎተተ ወደ መኪና አስገባት። እርሷ መሬት ላይ ተቀምጣ እየጮኸች አልሄድም ትላለች፤ እርሱ በክንዷ ያነሣታል። አላፊ አግዳሚው ያያል። አንድ ሰው ቀረጸው፤ ቪዲዮው በቴሌቪዥን ታየ። ሴትዮዋ በተወሰደችበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በሳምንታት ውስጥ ሕይወቷን አጠፋች። የዚያችው ከተማ ሴት ልጅ በዚያው ጎዳና ላይ እንዲህ ብትጎተት ወንድሞቿ ይነሡ ነበር። ለእርሷ የሚነሣ ወንድም አልነበረም፤ አገሯ በበሩ ማዶ ነበር። የሙስሊም አገር ሴቶቹን ያከብራል የሚለኝ ሰው ከሴቶቹ መካከል እርሷን መቁጠሩን መጠየቅ አለብኝ።

አሁን ያንኑ መመዘኛ ወደ ምዕራቡ ላዙር። እዚያ ሴቲቱ መብቱን በእጇ ይዛለች ይባላል። ሲያጠቋት ግን የሕግ በር ይከፈትላታል? በሰኔ 1999 በኮሎራዶ፣ ካስል ሮክ በምትባል ከተማ፣ አንዲት እናት ባሏ እንዳይቀርባት ከፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ ነበራት። ባልየው ሦስት ሴት ልጆቿን ከግቢ ወሰደ። ፖሊስ ደወለች። ጠብቂ አሏት። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ጠብቂ። እኩለ ሌሊት አልፎ ራሷ ጣቢያ ሄደች። በዚያው ሌሊት ሰውዬው ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጥቶ ተኩስ ከፈተ፤ ተገደለ። የሦስቱ ልጆች ሬሳ በመኪናው ውስጥ ተገኘ። እናትየዋ ከተማውን ከሰሰች፤ በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ያን ትእዛዝ እንዲያስፈጽምላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም ብሎ ፈረደ። ወረቀት ነበራት። የሚጠየቅበት አልነበረም።

ባል ሚስቱን ሊደፍር አይችልም የሚለው ሐሳብም የሩቅ ዘመን ታሪክ አይምሰለን። በእንግሊዝ የወደቀው በ1991 ነው፤ በጀርመን በ1997። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ዛሬም ወንጀል የሚለው ከጋብቻ ውጭ የሆነውን ነው።

ስለዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ልበል? ይህ ምቹ መደምደሚያ ነው፤ ማንንም አያስከፋም። እውነት ግን አይመስለኝም። የካስል ሮክ እናት ተሸነፈች፤ ነገር ግን በስሟ ከሰሰች፤ ከሳሽ በመሆኗ አልታሰረችም፤ ፍርዱን በአደባባይ ስሕተት ነው የሚሉ ሰዎችም አልታሰሩም። በደልን በደል ብሎ መጥራት ራሱ ወንጀል ያልሆነበት ቦታ፣ ከሆነበት ቦታ ይሻላል። በዛሬው ዘመን ይህ በምዕራቡ ይበልጥ ይገኛል። ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ነገር ግን ምዕራብ በመሆኑ አላገኘውም፤ ሴቶች ነጥቀው ወሰዱት፤ አብዛኛውም የአንድ ሰው ዕድሜ አልሞላውም። ቱኒዚያውያትም በ2017 ያን ደፋሪውን በጋብቻ የሚያድን አንቀጽ ያሰረዙት ሙስሊምነታቸውን ሳይተዉ ነው።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። በ2022 በቴሕራን ማህሳ አሚኒ ሒጃቧን በአግባቡ አልለበሰችም ተብላ ተይዛ በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ሳለች ሞተች። ፈረንሳይ በ2004 የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሒጃብ እንዳታደርግ፣ በ2010 በአደባባይ ፊት መሸፈን እንዲከለከል ሕግ አወጣች። ቅጣቱ አይወዳደርም፤ አንዱ ሞት ነው፣ ሌላው መቀጮ። በሁለቱም ግን ባለሥልጣኑ በሴቲቱ ራስ ላይ ያለውን ጨርቅ የመንግሥት ጉዳይ አድርጎታል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። «ሴቲቱ ራሷ በሃይማኖቷ ሕግ መዳኘትን ብትፈልግስ? ፈቃዷን መመዘኛ አድርገህ ፈቃዷን ልትከለክላት ነው?» ልከለክላት አልችልም። እንዲያ ካደረግሁ እኔም ሌላ ወሊይ ሆንኩ። ግን ፈቃድ መኖሩ በምን ይታወቃል?

ጥያቄው በአገራችን ሕግ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይላል። ሚዛናዊ ነው። በ1999 የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ 188 ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል ይላል። ፍርድ ቤቱ አንዴ ከተመረጠም ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት አይዛወርም። ስዊድን በመኝታ ቤት ውስጥ ዝምታ ፈቃድ አይደለም ስትል፣ የእኛ አዋጅ በችሎት ዝምታ ፈቃድ ነው አለ። ተከሳሿ ሴት ከሆነች መጥሪያውን ቤት ውስጥ ማን ተቀበለው? ነገራት? ልትቀርብ ብትፈልግ ማን ሸኛት? አዋጁ አይጠይቅም።

አንዲት ሙስሊም ኢትዮጵያዊት በውርስ ክርክር ተጠርታ ዝም አላለችም። በዚህ ፍርድ ቤት መዳኘት አልፈቅድም ብላ ተናገረች። ችሎቱ ቀጠለ። በየደረጃው ይግባኝ ብላ አልተሳካላትም። ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ሆኖ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱ በ2004 ፍርዱን ሻረው። እርሷ ያን ሁሉ ደጅ ልትጠና አቅም ነበራት። አልፈቅድም ያለችው ይህን ያህል ከደከመች፣ ያልተናገረችው ሴት ፈቃድ ምን ዋጋ እንዳለው ማሰብ አያዳግትም። እኔ የምጠይቀው ዳኛው ክርክሩን ከመስማቱ በፊት ሴቲቱን ከአባቷ፣ ከወንድሟና ከባሏ ለይቶ እንዲጠይቃት፣ መልሷንም በቃሏ እንዳለችው በመዝገቡ እንዲያጽፍ ነው፤ ሐሳቧን ብትቀይርም መዝገቡ ይዘጋላት።